ከአናት እስከ ተረከዝ

ሰው ሲያረጅ ያጥራል ያለችኝ ቀን ሳቅኩባት። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የመጣች ዶክተር ናት፤ ጭቃ እንዳይነካት በእግሯ ጣት ነው የምትራመደው፣ ዕድሜዋም ከመጀመሪያ ልጄ አይበልጥም። «የኔ ልጅ፣ ሰው ሻማ ነው እንዴ የሚያጥረው?» አልኳት። እሷም ሳቀች፣ አጠገቧ የቆመው የጤና ጣቢያው ድሬሰርም ሳቀ። በሦስተኛው ቀን ግን እዚያው ጤና ጣቢያ በረንዳ ላይ መሬት ቁጭ ብዬ ነበር። ብዙ ነገር አስደንግጦኝ ያውቃል። ያኛው ድንጋጤ ግን ከሰው አልመጣም፣ ከገዛ እጄ ነው የመጣው። ዛሬም ሳወራው እጄን ነጠላዬ ስር እደብቀዋለሁ።

እኔ ወጌሻ ነኝ። አሁን እጄ ይንቀጠቀጣል እንጂ በደርግ ጊዜ ጂንካ ውስጥ ክንዱ የወለቀ፣ እግሩ የተሰበረ መጀመሪያ የሚመጣው እኔ ጋ ነበር። ጤና ጣቢያ የሚሄደው እኔን ሲፈራኝ ነው። ሰውየውን አስቀምጬ ስለ ሚስቱ አንድ ነገር እነግረዋለሁ፣ እሱ ሲስቅ ሳብ! አጥንቱ ገባ። ሲሰድበኝ ደግሞ እኔ እስቃለሁ። እንደዚያ ነው የምሠራው።

ፊደል አልቆጠርኩም። መሠረተ ትምህርት ተማሪ ብሎ ቀበሌው ሲያስጠራኝ «ወገቤን!» ብዬ እተኛለሁ፤ ዘመቻው ሲያልቅ ወገቤም ዳነ። መዝገብ ግን ነበረኝ። የኔ መዝገብ ቃጫ ነው፣ የእንሰት ቃጫ። ሙያውን ከእናቴ ነው የወሰድኩት፣ የቃጫውንም ነገር ከእሷ ነው። በሽተኛ ሲመጣ ሁለት ቃጫ ይቆረጣል። አንዱ በተሰበረው ቦታ ልክ ነው፤ ከደህናው እጅ ወይ ከደህናው እግር ይለካል፣ የተሰበረው ሲድን ከዚያ ጋር መተካከል አለበት። ሌላው በሙሉ ሰውየው ልክ ነው፣ ከአናት እስከ ተረከዝ። እጁ የተሰበረን ሰው ቁመት ምን ያደርግልሻል ብዬ እናቴን ጠይቄያት ነበር። «ሰው ሲድን ሙሉውን ነው የሚድነው» አለችኝ። «ከአናቱ እስከ ተረከዙ ካልሞላ አልዳነም፣ አትልቀቂው።»

ቃጫ ጫፉ ስለሚበተን በሁለቱም በኩል ሰም እናደርግበታለን። ከዚያ የሰውየው መታወቂያ ይሆን ዘንድ አንድ ነገር እናስርበታለን፦ የዚህ ቁልፍ፣ የዚያኛዋ የዶሮ ላባ፣ የሌላው የቅል ስባሪ። ሰው ከዳነም አይጣልም፣ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ቤቴ የገባ ሁሉ የበግ ጭራ የሰቀልኩ ይመስለው ነበር።

መጀመሪያ የጠገንኩት እጅ የእናቴን ነው። ገና ልጃገረድ ሆኜ እሷ እንጨት ተሸክማ ስትወርድ አዳልጧት ክንዷ ተሰበረ። ከእኔ በቀር ሰው የለም። ተኝታ ታዘኛለች። «ሳቢ! ምን ያስለቅስሻል? ያንቺ እጅ መሰለሽ እንዴ?» እያለቀስኩ ሳብኩ፣ እያለቀስኩ አሰርኩ። ከአናቷ እስከ ተረከዟ ለክቼ ቃጫ ቆረጥኩ፣ ሁለቱንም ጫፍ ሰም አደረግኩ፣ ቀይ ጨሌ አሰርኩበት። በሕይወቴ መጀመሪያ የቆረጥኩት ቃጫ ያ ነው። እናቴ ረጅም ሴት ነበረች። ቃጫዋ ከሁሉም በላይ ነው የሚሰቀለው፣ አለበለዚያ መሬት ይጠርጋል።

እንግዲህ ዓመታት ሄዱ፣ እኔም ወለድኩ፣ ባሌም ሞተ፣ ደርግም መጣ። አንድ ቀን ቀበሌው ሁለተኛውን ልጄን ለውትድርና ወሰደው። ኋላ ተመልሷል፣ ዛሬ ሽበት አውጥቶ «ጨው በዛ» እያለ ይጨቀጭቀኛል፣ ለሱ አታስቡ። ያን ጊዜ ግን መመለሱን ማን ያውቃል? እንኳን ልስቅ፣ ሰው ፊቴ ሲስቅ ያናድደኝ ጀመር። በሽተኛ ሲመጣ ዝም ብዬ እስባለሁ፤ ሲጮህ ዝም። ሰዉ «የድሮዋ ትሻላለች፣ እየሰደበችም ቢሆን» ይል ነበር አሉ።

የእናቴ ጀርባ መጉበጥ የጀመረው በዚያው ዓመት ነው። አብራኝ ነው የምትኖረው። መጀመሪያ ወገቧን ትይዛለች፣ ቀጥሎ ስትቆም ግድግዳ ትደገፋለች፣ ቀጥሎ ጎደሬ ለመንቀል ጎንበስ ስትል ቀና ማለት ያቅታታል። ወጌሻ ሆኜ የገዛ እናቴ ትጉበጥብኝ? አጥንቷ ከቦታው ወጥቷል አልኩ፣ የወጣ ይገባል። ቁርበት አንጥፌ በሆዷ አስተኛኋት፣ ጀርባዋን በቅቤ አሸሁ፣ ጉልበቴን መሃል ጀርባዋ ላይ አድርጌ ሁለት ትከሻዋን ይዤ ወደኋላ ሳብኩ።

ቋ! አለ።

«ገባ!» ብዬ ጮህኩ። ደስታዬ! ልጄ ከሄደ በኋላ መጀመሪያ የሳቅኩት ያን ቀን ነው።

እናቴ ፊቷን ከቁርበቱ ሳታነሳ ትንሽ ቆየች። ከዚያ «ገባ» አለች። «እሰይ፣ ደግሞ ነገ ጫን በይ።»

ነገም ጫንኩ። ከነገ ወዲያም። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ የቅዳሜ ገበያ ካልሆነ በቀር፣ ጠዋት ጠዋት ጉልበቴ እናቴ ጀርባ ላይ ነው። አንዳንድ ቀን ቋ ይላል፣ አንዳንድ ቀን ዝም ይላል። ቋ ሲል እንስቃለን። በየጊዜው ደግሞ ያን ባለ ቀይ ጨሌ ቃጫ አወርድና አስተኝቼ እለካታለሁ፤ ከአናቷ ይጀምራል፣ ተረከዟ ላይ ያልቃል፣ ቁጭ! አንድ ጣት እንኳ አይጎድላት። ለዓይን ጎባጣ ናት፣ በቃጫ ግን ሙሉ ሰው ናት። «ጉብጠቱ የሥጋ ነው፣ አጥንቷ ደህና ነው» እያልኩ ለጎረቤት እናገር ነበር። ሰው ሰምቶ መጣ። ሁለት ሦስት አሮጊቶችም በጉልበቴ ተጫንኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ዶክተሯ የመጣችው ይሄኔ ነው። የጂንካ አውሮፕላን ማረፊያ ከተማው መሃል ያለው ሣር ነው፣ ላም የሚግጥበት። አውሮፕላኑ ሲመጣ ላሞቹ ተባረሩ፣ እሷ ከነሳጥኗ ወረደች፣ ላሞቹ ተመለሱ። በማግስቱ ቀበሌው ፊሽካ ነፍቶ ስልሳ ዓመት ያለፋቸው ሁሉ ጤና ጣቢያ ይምጡ አለ። የሽማግሌ አጥንት ሊጠና ነው፣ ሰው ሲያረጅ አጥንቱ ምን ይሆናል፣ ለምን ቶሎ ይሰበራል፣ ምን ቢደረግ ይሻላል፣ ይሄ ነው ጥናቱ።

እንግዲህ ስልሳ ዓመት ያለፈው ማነው? መታወቂያ ላይ ያለውን ዕድሜ የቀበሌው ሊቀመንበር ፊት አይቶ ነው የጻፈው። ጥርስ ያላት አርባ፣ ጥርስ የሌላት ስልሳ። ድሬሰሩ እንደኛ የአሪ ልጅ ነው፣ እየተረጎመ ይጠይቃል። «ጣልያን ሲገባ ጡት አውጥተሽ ነበር?» ሲላት ጠላ ሻጯ ጎረቤቴ፣ «አንተ ባለጌ፣ ለምን አስፈለገህ?» ብላ ለጉድ ሰደበችው። እኔ ዕድሜዬ ባይደርስም እናቴን ደግፌ ስለመጣሁ ጥግ ይዤ አያለሁ። እንዲህ ያለ ጨዋታ ይቀርብኛል?

ዶክተሯ ሰውን ከእንጨት ሳንቃ ጋር እያቆመች ቁመት ትለካለች፣ ትመዝናለች፣ ስንት እንደወለዱ፣ ምን እንደሚበሉ፣ ምን እንደሚሸከሙ ትጠይቃለች። ሰው ያጥራል ያለችኝና የሳቅኩባት ያን ቀን ነው። እሷ ግን ሳቋን ስትጨርስ ተከዘች። «ችግሩ» አለችኝ፣ «ዛሬ እለካቸዋለሁ፣ ድሮ ስንት እንደነበሩ ግን የሚያውቅ የለም። ማን ለክቶ አስቀምጧቸው?»

«እኔ» አልኳት።

አላመነችኝም። ሄጄ ቃጫዬን ሁሉ ከግድግዳ አውርጄ፣ እንደ ነዶ አስሬ ተሸክሜ መጣሁ። በረንዳው ላይ ዘረገፍኩት። ዶክተሯ እጇን አፏ ላይ አደረገች። እያንዳንዱን ሳነሳ የማን እንደሆነ፣ የት ተሰብሮ እንደነበር፣ ያን ጊዜ አግብቶ ይሁን ሳያገባ እነግራታለሁ። «እትዬ፣ ይሄ እኮ መጽሐፍ ነው» አለችኝ። ፊደል ለማያውቅ ሰው እንዲህ ተብሎ ሲነገረው እንዴት ደስ እንደሚል! አንገቴ እንደ ሰጎን ረዘመ።

በሦስተኛው ቀን ቃጫ ያላቸው ተጠሩ። መጀመሪያ ጠላ ሻጯን አስተኛናት። የሷ ባለ ዶሮ ላባው ነው፣ ሙሽራ ሳለች ክንዷ ተሰብሮ እናቴ የጠገነቻት። ቃጫውን ከአናቷ ይዤ ወደ ታች ዘረጋሁት። ተረከዟን አልፎ ሄደ። አንድ ጥሩ ስንዝር!

«ምንድነው?» አለች ቀና ብላ።

«ተረፈ» አልኳት።

«ምኑ ነው የተረፈው?»

«አንቺ ነሽ ያነስሽው።»

«እኔን አጭር ልትይኝ ነው? ቃጫሽ ነው የረዘመው! ዝናብ ነክቶት ነው! ስንቱን ዓመት አንጠልጥለሽው አይሳብም?»

ይሄስ እውነት ይሆን ብዬ እኔም ጠረጠርኩ። ዶክተሯ ግን ብልህ ናት። የክንዷን ቃጫ አምጪ አለችኝ፣ ያው የዚያኑ ዕለት የተቆረጠውን። ክንዷ ላይ ሲለካ ቁጭ አለ። ቃጫ ቢሳብ ኖሮ ሁለቱም ይሳባሉ። ክንዷ አላጠረም፣ ቃጫውም አልረዘመም። ያጠረው ጀርባዋ ነው። ጠላ ሻጯ እግሯን አየች፣ እጇን አየች፣ ከዚያ «ጉድ! የት ሄደ?» አለች። ስንዝሩን ማለቷ ነው። የጣለችው ይመስል ምንጣፉን ገለጥ አድርጋ ፈለገች።

ሁለተኛዋም አጠረች። ሦስተኛውም። የቀበሌው ሊቀመንበር ድሮ ቁርጭምጭሚቱን ጠግኜው ስለነበር «አንተስ?» ስለው «እኛ ወደፊት እንጂ ወደታች አንልም!» ብሎ ከበረንዳው ወረደ። እኔ መሳቅ አቅቶኛል። እነዚህን ሰዎች ሁልጊዜ ነው የማያቸው፣ ገበያ ላይ፣ ወንዝ ላይ። እፊቴ ሲያልቁ አላየሁም!

መጨረሻ እናቴ ተኛች። ባለ ቀይ ጨሌውን ዘረጋሁ። ከአናቷ እስከ ተረከዟ ልክክ። ሰዉ አጨበጨበ። ዶክተሯ ወረቀቷን ጥላ መጣች። «እኚህ እናት ምን ተደርገው ነው?» አለች። «ከሁሉም በዕድሜ ይበልጣሉ፣ እንዴት አላጠሩም?»

ደረቴን ነፍቼ «እኔ ነኝ» አልኳት። «በየጠዋቱ እጫናታለሁ።»

«እንዴት አድርገው?»

ላሳያት ብዬ እናቴን በሆዷ ገለበጥኳት። ጉልበቴን ጀርባዋ ላይ ሳደርግ ዶክተሯ «አይ!» ብላ ጮኸች። ክንዴን ይዛ ገፈተረችኝ! ያቺ በጣቷ የምትራመድ ልጅ እኔን ወዲያ አሽቀነጠረችኝ።

«ቋ ይላል?» አለችኝ፣ ፊቷ አመድ መስሏል።

«ይላል እንጂ። ሲገባ ነው።»

«የሚገባ ነገር የለም፣ እትዬ። ሰው ሲያረጅ በተለይ ሴት፣ የጀርባ አጥንት ውስጡ ይሳሳል። ከላይ ደህና ይመስላል፣ ውስጡ ባዶ ነው። ሲጫኑት ይደፈጠጣል። ቋ ያለው እሱ ሊሆን ይችላል።»

ምስጥ የበላው ምሰሶ ታውቃላችሁ? ልጡ እንዳለ ነው፣ ቀለሙ እንዳለ ነው፤ በእጅ ሲገፉት ፍርክስ ይላል። እሱ ነው የታየኝ። ቢሆንም አልተሸነፍኩም። «ታዲያ ለምን አላጠረችም?» አልኳት። «በቃጫ አላየሽም? የኔ መጫን ባይሠራ ኖሮ እንደ ሌሎቹ ታጥር ነበር!»

ዶክተሯም ግራ ገባት። እናቴን አስቀምጣ ጎኗን ዳበሰች፤ የታችኛው ጎድን አጥንቷ ዳሌዋ ላይ ነው የተቀመጠው፣ በመሃል ጣት አይገባም። «ይሄ ያጠረ ሰው ጎን ነው» ብላ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ የጠላ ሻጯን እጅ ግራና ቀኝ ዘርግታ ባለ ላባውን ቃጫ ከጣት ጫፍ እስከ ጣት ጫፍ ለካችው፣ ደረሰ። የሌላዋንም እንደዚያው፣ ደረሰ። «ሰው ወጣት እያለ ቁመቱና የተዘረጋ እጁ ይቀራረባል» አለች። «ጀርባ ያጥራል፣ እጅ አያጥርም። አሁን የሳቸውን እንየው።»

እናቴ እጇን አልዘረጋም አለች። አማርኛ ስትናገር ወንድና ሴት አትለይም፣ «አንተ ተወኝ፣ ደክሞኛል» አለቻት ዶክተሯን። እኔ ራሴ ዘረጋኋት። ከቀኝ ጣቷ ጫፍ ጀመርኩ። ደረቷን አለፈ፣ የግራ ክርኗን አለፈ፣ የእጇ አንጓ ጋ ሳይደርስ አለቀ። ቃጫው አለቀ! መዳፏ በሙሉ፣ ከዚያም የሚበልጥ፣ ውጭ ቀረ።

ጫፉን አየሁት። ያኔ ነው መሬት ቁጭ ያልኩት።

በአንድ በኩል ያደረግኩት ሰም አለ፣ ጥቁር ሆኗል፣ የኔው ሰም ነው። በሌላው በኩል ሰም የለም። በቢላዋ የተቆረጠ ነው፣ አዲስ ቁራጭ፣ ክሩ ተበትኗል። ሁለት ዓመት ሙሉ ስለካት ያን ጫፍ አላየሁትም። ተረከዟ ጋ መድረሱን ብቻ ነው የማየው።

«እማ» አልኳት በአሪኛ፣ «ማነው የቆረጠው?»

እናቴ መቀነቷን ፈታች፣ ከቋጠሮው ውስጥ ትንንሽ የቃጫ ቁራጭ አወጣችና ጭኗ ላይ አንድ በአንድ ደረደረች። ስድስት ናቸው። የመጀመሪያው ጫፍ ላይ ጥቁር ሰም አለበት።

«ልትለኪኝ ስትይ» አለችኝ፣ እሷም በአሪኛ፣ «አንቺ ውሃ ልትቀጂ ስትሄጂ ተረከዜ ስር ረግጬ ወደ አናቴ እስበዋለሁ። ይተርፋል። የተረፈውን እቆርጣለሁ።»

«ለምን?»

«እያጠርኩ እንደሆነ ብታይ መጫኑን ትተዪዋለሻ።»

«ያምሽ ነበር?»

«ያመኝ ነበር እንጂ።» ሳቅ አለች። «የመጀመሪያው ቀን እንኳ ነፍሴ ወጥታ ተመልሳለች። ልነግርሽ ስል ‹ገባ!› ብለሽ ሳቅሽ። ልጅሽን ከወሰዱት ወዲህ ጥርስሽን አላየሁትም ነበር። ጀርባዬ ያረጀ ጀርባ ነው፣ ምን ይሠራልኛል? ቋ ባለ ቁጥር ትስቂያለሽ። እኔም ይበል አልኩ።»

ዶክተሯ አሪኛ አትሰማም፣ «ምን አሉ? ምን አሉ?» ትላለች። ድሬሰሩ ሁሉንም ሰምቷል፣ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቆመ፣ አልተረጎመላትም። ጠላ ሻጯ ሻሿን አፏ ውስጥ ከትታለች። እኔ መሬት ተቀምጬ እነዚያን ስድስት ቁራጮች አያለሁ። እያንዳንዱ የኔ ጉልበት ነው። እያንዳንዱ አንድ ሳቅ ነው። እናቴን ቆርጬ ቆርጬ ስስቅ ኖሬያለሁ!

ቆይቶ ዶክተሯን ጠየቅኳት። «እኔ ነኝ ያሳጠርኳት?» ልትዋሸኝ ትችል ነበር፣ አልዋሸችም። «ዕድሜያቸውም ያሳጥራቸዋል፣ ሸክምም፣ ወሊድም» አለችኝ። «ከእርስዎ ጉልበት ስንቱ እንደመጣ አላውቅም። ማንም አያውቅም። ከዛሬ ወዲያ ግን አይጫኑ።»

አልተጫንኩም። እናቴን ደግሜ የለካኋት ያን ዕለት ነው፣ በአዲስ ቃጫ፣ ሳይቆረጥ፣ በሁሉ ፊት። ዶክተሯ ሁለቱን ልክ ወረቀቷ ላይ ጻፈች፣ ቃጫዬን ግን አልወሰደችም፣ አንድ በአንድ ለክታ መለሰችልኝ። እናቴ ከዚያ በኋላ እንጨት አልተሸከመችም። ወተት ጠጪ፣ ጎመን ብዪ፣ ጠዋት ፀሐይ ላይ ተቀመጪ፣ በዱላ ትንሽ ትንሽ ተራመጂ ተባለች። ዱላውን ጠላች፣ «አንተ ውሰደው» እያለች ስንቴ አጥሩ ላይ ወረወረችው። እኔ ደግሞ መልሼ አመጣዋለሁ። ህመሙ ሙሉ በሙሉ አልለቀቃትም፣ ግን ጠዋት ከእንቅልፏ ስትነሳ የምትፈራው ነገር እንደሌለ ፊቷ ላይ አየሁ። እስከዚያ ድረስ ስትፈራ እንደነበር ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። ይሄም ሌላ ድንጋጤ ነው።

ድሬሰሩም በሳምንት አንድ ቀን ሽማግሌና አሮጊት ብቻ የሚያይበት ቀን አበጀ። አጥንቱ የተሰበረ ወጣት ካለ ወደ እኔ ይልካል፣ ጀርባዋን የታመመች አሮጊት እኔ ጋ ከመጣች ወደ እሱ እልካለሁ። ወደ ጎረቤት መንደር፣ ካኮ ገበያ ስወርድ እዚያ ያሉ ወጌሾችን ሰብስቤ «ጉልበታችሁን ከአሮጊት ጀርባ አንሱ» አልኳቸው። አንዱ «አንቺ ሥራችን ውስጥ ልትገቢ ነው እንዴ?» አለኝ። ስድስቱን ቁራጭ አውጥቼ መሬት ላይ ደረደርኩለት፣ እንዴት እንደተቆረጡ ነገርኩት። ቀና ብሎ ሰማይ ሰማይ አየ።

ያስለቀሰችኝን ለመበቀል እናቴን ሳላስቃት የዋልኩበት ቀን የለም። ልጄ ገና አልተመለሰም፣ ግን መሳቅ ጀመርኩ፣ አንዳንዴ የውሸት። ታውቅብኛለች። «ይሄኛው ቋ አላለም» ትለኛለች።

ከአራት ክረምት በኋላ አረፈች፣ ደርግ ሳይወድቅ፣ ልጄም ሳይመለስ። በተኛችበት ነው፣ አልተሰበረችም፣ አልወደቀችም። የእድሩ ሰዎች ጉድጓድ ሊቆፍሩ ሲሄዱ አንዱ፣ ጎረቤታችን ነው፣ ልኳን ስጪኝ ብሎ መጣ። ሁለተኛውን ቃጫ፣ አዲሱን፣ ከግድግዳ አነሳሁ። መልሼ ሰቀልኩት። ባለ ቀይ ጨሌውን አወረድኩ። ከሳጥኔ ስድስቱን ቁራጮች አወጣሁ። ብቋጥራቸው ቋጠሮው ያሳጥራል፤ ሰም አሙቄ ጫፍ ለጫፍ አያያዝኳቸው፣ አንድ በአንድ፣ ባለ ጥቁር ሰሙን መጨረሻ ላይ። ሰውየው በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል፣ እኔ እሳት ዳር ቁጭ ብዬ እናቴን እቀጥላለሁ።

ሰጠሁት። ዘረጋውና ሳቀ፣ ከዚያ ለቅሶ ቤት መሆኑ ትዝ ብሎት አፉን ያዘ። «ይሄ እኮ የሳቸው አይደለም» አለኝ። «ግማሹ ጉድጓድ ባዶ ሊቀር ነው። መሬቱ ደግሞ ድንጋይ ነው። ለማን ነው የምንቆፍረው፣ በቁመቱ ለተመረጠ ፖሊስ ነው?»

«ለእናቴ ነው» አልኩት። «ከአናቷ እስከ ተረከዟ ያ ነው ልኳ። ቆፍር።»

ሄዶ ቆፈረ።